ወደ ቀዩ ሣጥን ያልገባው

ዶንግዋን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ጋዜጣ የለበሰበት፣
የቀለም ማቅጠኛ ሽታ ከምሳ ሩዛችን ጋር የሚበላበት፣
እዚያ ነው ሰባት ዓመት የጣት ቁመት ሰው ያየሁበት።

መቀባት አልነበረም ሥራዬ፤ መፍረድ ነበር፣
በመብራት፣ በአጉሊ መነጽር፣
ለእያንዳንዱ ዐሥር ሰከንድ ሰጥቼ ስመረምር።
ካባው ጫማው ላይ ካልወረዛ፣
የጎራዴው ብር ወደ ጣቱ ካልተነዛ፣
ወደ ነጩ ሣጥን፤
ካልሆነ ወደ ቀዩ። ቀዩም ማታ ይቆጠራል፣
የቀቢዋን ደመወዝ እንደ አይጥ ይቦረቡራል።

ምን እንደሆኑ ግን ማን ነግሮን?
መጥረቢያ የተሸከመ ድንክ፣ ክንፍ ያበቀለች ሴት፣
ቆዳው ጎመን የመሰለ፣ ጥርሱ ያገጠጠ ፍጥረት፤
ፌን ሹ «የፈረንጅ ጣዖት ናቸው፣ ብርቱካን ይደረድሩላቸዋል» አለች፤
ሌላዋ «የሠርግ ኬክ ላይ ነው የሚቆሙት» ብላ ተከራከረች።
«የምን ሠርግ ነው፣ በመጥረቢያ?»
ሳቅን።

ታን ዩዌጅን አልሳቀችም። ለዓይን ቀቢ ሳቅ አይፈቀድም።
ሦስት ፀጉር በቀረው ብሩሽ፣ ትንፋሿን ውጣ፣
አንድ ነጥብ፣ አንድ ነጥብ፣
በቀን ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዓይን ታበራለች።
ማታ የራሷን ስትከድን
«ጣራው ያየኛል» ትል ነበር፣ «ግድግዳው ያየኛል»።

ከጨረቃ በዓል በፊት፣ ትዕዛዝ እንደ ጎርፍ በመጣ ሰሞን፣
አንድ ድንክ እጄ ገባ።
ጢሙ የእርድ ቀለም፣ መጥረቢያው እንከን የለሽ፤
ግራ ዓይኑ ግን ሸሽቷል።
ቀኙ እኔን ሲያይ ግራው ትከሻዬን አልፎ
አንድ ነገር ያያል፣ ከኋላዬ ያለ።
ዘወር አልኩ።
(የፕላስቲክ ድንክ አምኜ! ግን ዘወር አልኩ።)

ዩዌጅን ነበረች። ብሩሿን አኑራ
መዳፏን በዓይኖቿ ላይ ጭናለች።
በዚያ ቀን ሁለት የእሷ ቀዩ ውስጥ ነበሩ፤
ሦስተኛው ከልጇ የዱቄት ወተት ላይ ነው የሚነሣው።
ዐሥር ሰከንድ አለቀ። ዐሥራ አንድ። ዐሥራ ሁለት።
ነጩ ውስጥ ጣልሁት።

ማን ያውቃል ብዬ ነው። በታሸገ ካርቶን ይሸጣል፣
ገዢው ሳያይ ይከፍላል፣
እንደ ሎተሪ የወጣለትን ይወስዳል፤
ዕጣ ደግሞ አያስከስስም።

ለካ ያስከስሳል።
ብርዱ ሲገባ አለቃችን ጉዎ ወረቀት ይዞ መጣ፤
ዱሉት ከምትባል፣ ሐይቋ በረዶ ከሚሆንባት ከተማ፣
ሃርላን ቬስተርጎርድ የሚባል ሰው፣ ፎቶ አባሪ አድርጎ፦
«ዓይኑ ጠማማ ነው። ይለወጥልኝ።»
«ማን አሳለፈው?»
እጄን አወጣሁ። ሃያ ዩዋን።
ፎቶውን ግን አልመለስኩም።

ምሳ ሰዓት ላይ ከዩዌጅን ጋር አየነው።
ጠረጴዛ ነው። በእርሳስ የተሣለ ዋሻ፣
ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ፣ የተገመጠ ብስኩት፣ የአራት ሰው ክርን፤
የእኛዎቹ ሁሉ እዚያ አሉ፣ ባለ ክንፏ፣ ጎመኔው፣
እንደ ዕቃ ተደርድረው አይደለም፤
እያንዳንዱ ወደ አንድ ቦታ እየሄደ።
ከሁሉም ፊት፣ ዋሻው በሚታጠፍበት፣
እሱ፤
ቀኙ መንገዱን፣ ግራው ከጥጉ ጀርባ የተደበቀውን እያየ።
ከእግሩ ሥር በብዕር የተጻፈ ስም አለ፤ ማንበብ አልቻልንም።

ዩዌጅን ሩዟን ረሳች።
«ለካ ይሄዳሉ» አለች።

ምትኩን እሷው ቀባችው፣ እኔው መረመርኩት፤
ሠላሳ ሰከንድ ሰጠሁት።
ሁለቱም ዓይኖቹ ቀጥ ያሉ፣ እንከን የማይወጣላቸው፤
ማንንም አያዩም።
ዘወር አላልኩም።